ብሩሽና ውል

ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ ወይም ቴአትር ለማጥናት ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ወጣት ገና ሳይመዘገብ «ተመርቀህ ምን ልትሠራ ነው?» ይባላል። የጥበብ ወዳጆች ጥያቄውን እንደ ንቀት ቆጥረው ያልፉታል። እኔ ግን ጥያቄው ተገቢ ነው እላለሁ፤ የሚያሳዝነው መልሱ ከትምህርቱ ውጭ መፈለጉ ነው። ከያኒ በሥራው እንዴት እንደሚተዳደር ማወቅ ቀለም ከመበጥበጥና ድምፅ ከመግራት እኩል የሙያው አካል ነው።

የቤተ ክህነት ትምህርት ይህን አልለየውም። ዜማ፣ አቋቋምና ቅኔ የሚማር ተማሪ ከጉባኤ ጉባኤ እየዞረ ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ሲያጠናቅቅ ግን ቦታው የታወቀ ነው፤ መሪጌታ ሆኖ ደብር ያገለግላል ወይም ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል። ዘመናዊዎቹ ትምህርት ቤቶች ሲቋቋሙም ተመሳሳይ ዋስትና ነበራቸው። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምሮ ተመልሶ በ1950 ዓ.ም. ገደማ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ሲመሠርት፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲከተል፣ በደርግ ዘመን ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ክፍል ሲከፈት፣ ዋናው ቀጣሪ መንግሥት ነበር። ሀገር ፍቅር ቴአትርና በ1948 ዓ.ም. በሩን የከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ባለሙያውን በደመወዝ ያሳድሩ ነበር። እነዚህ ቤቶች ዛሬም አሉ፤ ተመራቂውን ሁሉ ግን አይችሉም። ሠዓሊው ለማስታወቂያ ድርጅትና ለመጽሐፍ ሽፋን፣ ተዋናዩ ለተከታታይ ድራማ፣ ሙዚቀኛው ለስቱዲዮ ቀረጻ የሚሠራው በውል ነው፤ ብዙ ጊዜም በቃል።

እዚህ ላይ የሕጉን ቃል ማየት ይገባል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪው የኢኮኖሚም የሞራልም መብት ሰጥቷል። ይሁን እንጂ በቅጥር ወይም በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ፣ የቀጣሪው ወይም የአዛዡ እንደሚሆንም ደንግጓል። «ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ» የምትለዋ ሐረግ የአንድን ሠዓሊ የዓመታት ድካም ልትወስን ትችላለች። የማያውቃት ሰው ምስሉን ሲሸጥ ከሸራው ጋር ምን እንደሰጠ እንኳ አይረዳም። ስለዚህ የውል ንባብ ለሕግ ተማሪ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው ጥበብ ተሰጥኦ እንጂ የዩኒቨርሲቲ ዕቃ አይደለም ይላል፤ ለማስረጃም ድምፃዊውን ጥላሁን ገሠሠን ይጠራል። ጥላሁን የሙዚቃ ዲግሪ አልነበረውም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ያደገው በሀገር ፍቅር፣ ቀጥሎም በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ነው፤ ልምምድ፣ ታላላቅ ባለሙያና ደመወዝ ባሉበት ቤት ማለት ነው። ስማቸው ትምህርት ቤት ባይሆንም ግብራቸው ያው ነበር። ተሰጥኦ ብቻውን በቂ ነው የሚለው ወገን እነዚህን ቤቶች ይረሳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ ተማሪው ገበያን ከተማረ ለገበያ ይገዛል ይላል። ሥጋቱን አከብራለሁ። ሠዓሊዎቹ ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን አለ ፈለገ ሰላም በመሠረተው ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ የመሞከር ነፃነትን አሳይተዋል፤ ያ ነፃነት በሽያጭ ሊለካ አይገባም። ሆኖም ለገዥ ይበልጥ የሚንበረከከው ማን ነው? የመብቱን ወሰን የሚያውቀው ነው ወይስ የቀረበለትን ወረቀት ሳያነብ የሚፈርመው? ደፍሮ «ይህን አልሠራም» ማለት የሚችለው የሠራው ሌላ ሥራ ገቢ የሚያስገኝለት ሰው ነው። መብትን ማወቅ የነፃነቱ ስንቅ ነው።

ለዚህ የትምህርት ክፍተት መንግሥትም ከተጠያቂነት አያመልጥም። ለዓመታት የዩኒቨርሲቲ ቅበላ 70 በመቶ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶ ለማኅበራዊ ሳይንስና ለሰብአዊ ጥናቶች ሲመደብ፣ ጥበብ ከጠባቡ ድርሻ የሚቀምስ ሆኖ ኖሯል።

የጥበብ መምህራን ሆይ፣ የሚቀጥለውን የስቱዲዮ ኮርስ ስትነድፉ አንድ እውነተኛ የሥራ ውል ከተማሪዎቻችሁ ጋር ቃል በቃል አንብቡ። አዋጁ በአማርኛ ታትሞ ከወጣ 20 ዓመት አልፎታል።