«በእጥፍ ጨመረ» ሲባል፦ ከስንት ወደ ስንት?

እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1995 የብሪታንያ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ ለሐኪሞችና ለፋርማሲ ባለሙያዎች አስቸኳይ ደብዳቤ አሠራጨ። መልእክቱ ዴሶጄስትሬል ወይም ጄስቶዲን የተባሉ ሆርሞኖችን የያዙ የእርግዝና መከላከያ እንክብሎች፣ ሌቮኖርጄስትሬልን ከመሰሉ ቀደምት ሆርሞኖች ከተሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በደም መልስ ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ በእጥፍ ገደማ ይጨምራሉ የሚል ነበር። ወሬው ወደ ጋዜጦችና ወደ ቴሌቪዥን ሲዛመት ጎልቶ የተሰማው «እጥፍ» የሚለው ቃል ነው።

አባባሉ ሐሰት አልነበረም። በወቅቱ በነበረው ግምት ቀደምቱን እንክብል ከሚወስዱ 100,000 ሴቶች በዓመት 15 ያህሉ፣ አዲሱን ከሚወስዱት ደግሞ 30 ያህሉ የደም መርጋት ያጋጥማቸው ነበር። ከ15 ወደ 30 መድረስ በእርግጥም የ100 በመቶ ጭማሪ ነው። ይኸው ጭማሪ በቁጥር ሲነገር ግን ከ7,000 ገደማ ሴቶች አንዷን የሚነካ ይሆናል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ በሰሚዋ ልብ የሚያሳድሩት ስሜት ግን እጅግ የተራራቀ ነው። (ንጽጽሩ ተገልብጦ ከአዲሱ ወደ ቀደምቱ የተመለሰች ሴት አደጋዋ «በ50 በመቶ ቀነሰ» ይባላል። ልዩነቱ ያው 15 ሆኖ ሳለ ሲወጣ 100፣ ሲወርድ 50 መባሉ የመነሻው ቁጥር መለያየት ያመጣው ነው።)

ለሴቶቹ በደረሰው መልእክት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የጎደለው ሦስተኛው ቁጥር ነው። በእርግዝና ጊዜ የደም መርጋት ከ100,000 እርጉዞች 60 ያህሉን እንደሚያጋጥም ይገመት ነበር። ስለዚህ አደጋውን ሸሽታ እንክብሉን ያቋረጠችና ያረገዘች ሴት የገባችው ወደሚበልጥ አደጋ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ከ1990 ጀምሮ ሲቀንስ የቆየው የፅንስ ማቋረጥ ቁጥር በ1996 እንደገና አሻቀበ፤ ጭማሪውም 13,000 ያህል እንደሆነ ተገምቷል። ሁሉንም በአንድ ማስጠንቀቂያ ማሳበብ ባይቻልም፣ ግንኙነት የለውም ለማለት ያስቸግራል።

ይህ ሲባል ኮሚቴው ዝም ማለት ነበረበት ማለት አይደለም። ከ100,000 ሴቶች 15 ተጨማሪ ሕሙማን ማለት ከአንድ ሚሊዮን 150 ማለት ነውና፣ ለአንድ አገር ጤና ጥበቃ ቀላል ቁጥር አይደለም። ቀድሞ ደም የረጋባት ሴትም አስቀድማ ልትለይ ይገባል። ነቀፌታው የሚያርፈው በመናገሩ ላይ ሳይሆን፣ መነሻው ሳይነገር ጭማሪው ብቻ በመነገሩ ላይ ነው።

ተመሳሳይ ስሕተት በአገራችን ሪፖርቶችም ውስጥ አይጠፋም። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ዘመናዊ የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች በ2011 እ.ኤ.አ. 27 በመቶ የነበሩ ሲሆን በ2016 እ.ኤ.አ. 35 በመቶ ደርሰዋል። ይህን «በ8 በመቶ አደገ» ብሎ መጻፍ ተለምዷል። ያደገው በ8 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ ከመነሻው አንጻር ሲሰላ ጭማሪው ወደ 30 በመቶ ይጠጋል። አንዱ ጸሐፊ 8፣ ሌላው 30 ቢል፣ ሁለቱም አንድን ሠንጠረዥ ይዘው ሊከራከሩ ይችላሉ።

መነሻው ትንሽ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በአንድ ጤና ኬላ ባለፈው ወር 2 የወባ ሕሙማን ታይተው በዚህ ወር 6 ቢታዩ፣ ለወረዳው የሚላከው ሪፖርት «200 በመቶ ጭማሪ» ሊል ይችላል። ስሌቱ ትክክል ነው። የተጨመሩት ሕሙማን ግን 4 ናቸው፤ ወረርሽኝ መጀመሩን ወይም አለመጀመሩን ለመለየት የሚጠቅመውም የእነዚህ የ4ቱ ሰዎች መኖሪያ ቀበሌና ሕመሙ የጀመራቸው ቀን ነው።