የወርቅ ሠሪው ልጅና ባልንጀራዋ
ስለ ማሪያማ ባ «ይህን ያህል ረጅም ደብዳቤ»

የሴኔጋሏ ደራሲ ማሪያማ ባ በ1929 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በዳካር ተወለደች። ይህን ልብ ወለድ ታሪክ በ1979 በፈረንሳይኛ አሳትማ በማግሥቱ ዓመት የኖማን ሽልማት ተቀበለችበት፤ በ1981 ዓ.ም. ዐረፈች። መጽሐፉ በገጽ አጭር ሲሆን በቁም ነገሩ ግን ሰፊ ነው።

የዐሥራ ሁለት ልጆች እናት የሆነችው ራማቱላይን ባሏ ሞዱ ከሃያ አምስት ዓመት ትዳር በኋላ ትቷት የገዛ ልጁን የዳባን የትምህርት ቤት ጓደኛ ቢንቱን አገባ። እርሱም በሞተ ጊዜ ራማቱላይ በእስልምና ሥርዐት የታዘዘውን የመበለት ኀዘን፣ ማለት አራት ወር ከዐሥር ቀን ተቀምጣ ለልጅነት ባልንጀራዋ ለአይሳቱ ትጽፍላታለች። አይሳቱ ባሏ ሁለተኛ ሚስት ቢያገባባት አራት ወንዶች ልጆቿን ይዛ የወጣች፣ ተምራም በአሜሪካ በሚገኘው የአገሯ ኤምባሲ የሠራች ናት።

አይሳቱን አማቷ የናቀቻት የወርቅ ሠሪ ልጅ ስለ ሆነች ነው። ጠይብን መናቅ በኢትዮጵያም ያልታየ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ቅኔ የተማረ ሰው ሰምና ወርቅ የሚለውን ስም ከዚያው ከተናቀው ሰው ቤት እንደ ተዋሰ ያውቃል። በዚህም መጽሐፍ ሰሙ የመበለት እንጉርጉሮ ነው፤ ወርቁም የሁለቱ ሴቶች ባልንጀርነት ነው። ራማቱላይ በአውቶቡስ ግፊያ ስትንገላታ መኪና ገዝታ የሰጠቻት አይሳቱ ናት። የሟቹም ወንድም ታምሲር በአርባው ቀን ሊያገባት በመጣ ጊዜ ሠላሳ ዓመት ዝም ያለው አንደበቷ ተከፍቶ እንቢ አለችው።

ደራሲዋን ይልቁንም የሚያስመሰግናት አንዲቱ ከባሏ ስትወጣ ሁለተኛዪቱ ስትቀመጥ፣ አንዲቱን ጻድቅ ሁለተኛዪቱን ኃጥእ አድርጋ አለመፍረዷ ነው። መንገዳቸው ቢለያይም አንዲቱ በሌላዪቱ ላይ ነቀፌታ አትሰነዝርም።

ጉድለቱ ግን በቢንቱ ላይ ይታያል። ቢንቱ እናቷ ስለ ሀብት ብላ ለሽማግሌ የዳረቻት፣ ትምህርቷንም ያቋረጠች ልጅ ናት። ራማቱላይም ይህን ዐውቃ ታዝንላታለች። ሆኖም የቀድሞ ጓደኛዋ ዳባ ፊቷን አዞረችባት፤ የምትጽፍለት ባልንጀራም የላትም። እንግዲህ በመጽሐፉ ውስጥ ባልንጀርነት ያዳነው የተማሩትንና እኩዮች የሆኑትን ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ረዳት ያስፈለጋት ታናሺቱ ግን ብቻዋን ቀርታለች።

ቢሆንም መበለትን እንዲመክሩ የተሾሙ ሁሉ ይህን መጽሐፍ ቢያነቡ ይጠቀማሉ። ራማቱላይ ብዙ ሰዎች በቤቷ ተሰብስበው ሳለ ልቧን የገለጠችው ሩቅ ላለች ለአንዲት ሰው ብቻ ነበርና።