የጤና መድን ክርክር በመርካቶ ሚዛን

የሕክምና ወጪ በማን ይከፈል በሚለው ክርክር ሁለት ወገኖች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው ወገን ወጪው ሁሉ ከአንድ የሕዝብ ቋት ይሸፈን ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ የግል መድን ድርጅቶች ተወዳድረው ያቅርቡት ባይ ነው። ሁለቱም ሐሳቦች በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ ሲመዘኑ ጉድለታቸው ይገለጣል።

በምናለሽ ተራ አሮጌ ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ የሚያድር ሠራተኛ የቅጥር ውልም ሆነ ወርኃዊ ደመወዝ የለውም። የግል የሕክምና መድን በአብዛኛው አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው በቡድን የሚገዙት በመሆኑ እርሱ ዘንድ አይደርስም። ብቻውን ልግዛ ቢል እንኳ ዋጋው በዕድሜና በነባር ሕመም ስለሚተመን፣ ሕክምና አብዝቶ የሚያሻው ሰው አብዝቶ ይከፍላል፤ አለዚያም ይቀራል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690ም መዋጮውን ከደመወዝ ጋር ያያያዘ ነበር፤ ለደመወዝተኛውም ቢሆን ለዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆይቷል።

ይህን ክፍተት እንዲሞላ የታሰበው በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረውና ኋላም አዲስ አበባ የደረሰው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። ደጋፊዎቹ ከዕድር ጋር ያመሳስሉታል። ንጽጽሩ መልካም ቢሆንም ሙሉ አይደለም። የቀብር ወጪ አስቀድሞ የሚገመትና ለሁሉም ተቀራራቢ ነው፤ የሕመም ወጪ ግን እንዲህ አይደለም። አንድ የኩላሊት እጥበት ታካሚ የአንድን ዕድር ሣጥን ባዶ ሊያስቀር ይችላል። አባልነት በፈቃድ ብቻ ሲሆን ደግሞ ቀድሞ የሚመዘገበው የታመመው ነው። በመሆኑም ቋቱ መስፋት፣ ጤነኛው ባለሱቅም መግባት አለበት። በዚህ ረገድ የአንድ ቋት ደጋፊዎች ትክክል ናቸው።

ስሕተታቸው ከፋይንና ሕክምና ሰጪን አንድ አድርገው ማየታቸው ነው። የማኅበረሰብ አቀፉ መድን ውል በዋነኛነት ከመንግሥት ተቋማት ጋር የተገባ ነው። መድኃኒት በተቋሙ ሲታጣ አባሉ ከኪሱ ለመግዛት ይገደዳል፤ ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። በካናዳዋ ሳስካችዋን በ1962 እ.ኤ.አ. የአንድ ከፋይ ሥርዓት ሲጀመር ሐኪሞች ለ23 ቀናት ሥራ አቁመው ነበር። አለመግባባቱ የተፈታው ሐኪሞቹ የመንግሥት ተቀጣሪ ሳይሆኑ፣ በግል ክሊኒካቸው እየሠሩ ከሕዝብ ቋት እንዲከፈላቸው በመስማማት ነው። መርካቶም በግል ክሊኒክና በመድኃኒት ቤት አይታማም፤ ጥራታቸው ተፈትሾ ዋጋቸው በውል ቢወሰን ቋቱ ከእነርሱም አገልግሎት ሊገዛ ይችላል።

ክርክሩ ለጤና ባለሙያው የሩቅ ጉዳይ አይደለም። የአባልነት ደብተሩን ይዞ መጥቶ «መድኃኒቱ የለም» የተባለው ሕመምተኛ ፊት ለፊት የሚያገኘው ፖሊሲ አውጪውን ሳይሆን እርሱን ነው። ሕመምተኛው በሥርዓቱ ላይ ያለው እምነት የሚጸናውም የሚፈርሰውም በዚያች ቅጽበት ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት መዋጮውን ማደስ አለማደሱም በዚያው ይወሰናል።