ቫይታሚንን ፈለግ አድርገው የሚያድኑ ቲ ሴሎች፦ የሜልበርኑ ጥናት ሲመዘን

የሕክምና መማሪያ መጻሕፍት ለረዥም ጊዜ ሲያስተምሩ የኖሩት፣ ቲ ሴል በኤችኤልኤ ሞለኪውል ላይ ተቀምጦ የሚቀርብለትን የፕሮቲን ቁራጭ በተቀባዩ አማካይነት ለይቶ እንደሚያውቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ከቲቢ ባክቴሪያ የሚገኘው ማይኮሊክ አሲድ በሲዲ1ቢ ሞለኪውል ላይ እንደሚቀርብ ሲታወቅ፣ ይህ ትምህርት ቅባትንም ማካተት ግድ ሆነበት። በአውስትራሊያ ጄምስ ማክላስኪ፣ ጄሚ ሮስጆንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 በኔቸር መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ሦስተኛ በር ከፈተ።

ጥናቱ ያሳየው፣ ሜይት የተባሉት ቲ ሴሎች ኤምአር1 በተሰኘው ሞለኪውል አማካይነት ከቫይታሚን ቢ2 አሠራር የሚመነጩ ንጥረ ነገሮችን እንደሚለዩ ነው። ብዙ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ይህን ቫይታሚን ራሳቸው ይሠራሉ፤ ሰው ግን ከምግብ ያገኘዋል። ስለዚህ የሥራው ቅሪት የባዕድ ተሕዋስያን አሻራ ነው።

የሥራው ዋና ብርታት በመጀመሪያው ግኝት አለመርካቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ተከታይ ጥናት፣ ሴሎቹን አጥብቆ የሚያነቃቃው ውሁድ በራሱ ብዙ የማይቆይ፣ ኤምአር1 ሲይዘው ግን የሚረጋ መሆኑን አስረድቷል።

ይሁን እንጂ ተቀባዩ ምን እንደሚያይ ማወቅና ሴሉ ሕመምተኛን ከምን እንደሚታደግ ማወቅ አንድ አይደሉም። ኤምአር1 እንደ ኤችኤልኤ ከሰው ሰው እጅግ ስለማይለያይ፣ ለሁሉም የሚስማማ የቲቢ ክትባት ተስፋ አሳድሯል። ሌሎች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት ግን፣ አይጦች በቲቢ ከመያዛቸው በፊት ሜይት ሴሎቻቸውን ማብዛት አልጠበቃቸውም፤ ጠቃሚ ሆኖ የተገኘው ሥር በሰደደ ሕመም ላይ ሲሰጥ ነበር። በጦጣዎች ላይ በተደረገው ሙከራ ደግሞ ሴሎቹ ሥራቸውን መወጣት ተሳናቸው። አይጥ በተፈጥሮዋ ያላት ሜይት ሴል ከሰው እጅግ ያነሰ መሆኑም ውጤቱን ወደ ሰው ለማሻገር ጥንቃቄን ይጠይቃል።

ለጤና ባለሙያው የሚተርፈው ቁም ነገር ግልጽ ነው። በደም ውስጥ የሜይት ሴሎች መቀነስ በቲቢም በኤችአይቪም ስለሚታይ፣ ብቻውን የምርመራ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ጨቅላ ሕፃናት የሚከተቡት ቢሲጂም በዚህ ግኝት አልተተካም። ጥናቱ ስለ ተቀባዩ የሰጠው ዕውቀት ጽኑ ነው፤ የሕክምና ጥቅሙ ግን ገና በሰው ላይ መመስከር አለበት።