የኮሪያ ዘማች ፎቶ እንዴት ይመዘናል?

ኮሪያ የዘመተውን የቃኘው ሻለቃን ፎቶ ማየት የለመደ ሰብሳቢ መጀመሪያ ገልብጦ ጀርባውን ያነባል። ጥራቱም ሆነ የወታደሩ ቁመና ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ስም፣ ማዕረግና ቦታ የተጻፈበት የደበዘዘ ጉርድ ፎቶ ባለቤቱ ከማይታወቅ ያማረ ምስል ይበልጣል።

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ያለው ኮሪያ ሰፈር ስሙን ያገኘው እዚያ ከሰፈሩት ዘማቾች ነው። ከክብር ዘበኛ የተውጣጣው የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. በጅቡቲ በኩል በመርከብ ተጓዘ። አንድ ሕዝብ ለሁለት ተከፍሎ ወደሚዋጋበት አገር በየተራ 6,037 ኢትዮጵያውያን ዘመቱ፤ ከ120 በላይ ወደቁ፤ አንድም አልተማረከም። ስለዚህ “የተማረከ የቃኘው ወታደር” ተብሎ የሚቀርብ ፎቶ ገና ከመነሻው ጥርጣሬ ይገባዋል።

የእነዚህ ፎቶዎች ብርቅነት ከአገራችን ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። የታኅሣሥ 1953 የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ክብር ዘበኛን በታተነ። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ደግሞ በንጉሡ ዘመን ኮሚኒስት መውጋት የሚያስከብር ሳይሆን የሚያስጠረጥር ታሪክ ሆነ። እንዲህ ያለውን ፎቶ ቤት ውስጥ ማኖር በሚያስፈራበት ዘመን ተርፎ ከእኛ የደረሰ ሁሉ ጥንቃቄ ይገባዋል።

ወረቀቱን በማጉያ መነፅር ተመልከቱ። ምስሉ ከጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ከሆነ ከመጽሔት ወይም ከጋዜጣ የተወሰደ ነው። በእውነተኛ የቆየ እትም ላይ ጥቁሩ ክፍል፣ በተለይ ወደ ጠርዙ፣ ዘንበል ሲያደርጉት ብዙ ጊዜ የብር ቀለም ያንጸባርቃል። ቀጥሎ የሐሰት ብር የሚለዩበትን ሰማያዊ መብራት ጨለማ ውስጥ አብሩበት። ወረቀትን የሚያነጣው ኬሚካል በፎቶ ወረቀት ላይ የተስፋፋው ከጦርነቱ በኋላ ስለሆነ፣ ወረቀቱ ደምቆ ካበራ ምናልባት ኋላ የታተመ ቅጂ ነው። ቅጂም ቢሆን ዋናው ከጠፋ ዋጋ አለው፤ ግን በቅጂነቱ ይሸጥ።

ከወረቀቱ በኋላ ልብሱ ይመረመራል። ቃኘው የተዋጋው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር፣ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ነበር። የራስ ቁሩም፣ ኤም ዋን ጠመንጃውም፣ በትከሻ ላይ ያለው የአሸዋ ሰዓት የመሰለ የክፍለ ጦሩ ምልክትም የአሜሪካ ነው። የአሜሪካ ጦር በፕሬዚዳንት ትሩማን የ1948 እ.ኤ.አ. ትእዛዝ መሠረት ጥቁርና ነጭ ወታደርን መቀላቀል የጀመረው በዚያው ሰሞን ስለሆነ፣ ያንኑ ልብስ የለበሱ ጥቁር አሜሪካውያንም በፎቶዎቹ ላይ አሉ። የፊት መልክ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ኢትዮጵያ የሚል ጽሑፍ፣ የአማርኛ ፊርማ፣ ወይም ፎቶው ከየትኛው ቤተሰብ እንደወጣ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። ፎቶውን ኢትዮጵያውያን ኋላ ከተሳተፉበት ከኮንጎ ዘመቻም ለዩት፦ በረዶና ወፍራም የክረምት ካፖርት የኮሪያ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ሰማያዊ ቆብ ግን ወደ ኮንጎ ያመለክታል።

ቀኑ ብዙ ሰው ያሳስታል። ጀርባው ላይ “1944” ተብሎ ቢጻፍ፣ ጦርነቱ የተጀመረው በ1950 ነው ብሎ ፎቶውን የሚጥል የውጭ ሰብሳቢ ይኖራል። በእኛ አቆጣጠር ግን ጦርነቱ ከ1942 እስከ 1945 ስለሆነ ቀኑ ልክ ነው።

ስም የሌለው ፎቶ ምን እንደሚያጣ ለማየት ወደ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እንሂድ። በሰሜኑ ጦር ውስጥ ወደ 179,000 የሚጠጉ ጥቁር ወታደሮች ተዋግተዋል። በዋሽንግተን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት፣ በሊልየንክዊስት ስብስብ ውስጥ፣ አንድ ወታደር ከሚስቱና ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር የተነሳው እጅግ የተዋበ ፎቶ አለ። በሜሪላንድ ስለተገኘ ምናልባት እዚያ ከተቋቋሙት ሰባት የጥቁር ሬጅመንቶች የአንዱ አባል ነው ተባለ። የአራቱም ሰዎች ፊት ጥርት ብሎ ይታያል፤ መዝገቡ ላይ ግን ለረጅም ጊዜ “ማንነቱ ያልታወቀ ወታደር” ተብሎ ነበር የተጻፈው። እነሱ ጋ የሚጠየቅ ሰው ካለቀ ቆይቷል። እኛ ጋ ግን ከዘጠና ዓመት ያለፉ ጥቂት አባቶች፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው አሉ።

ስለዚህ ጥሩ ስብስብ የሚለካው ሰብሳቢው በጠየቀው ልክ ነው። የቡድን ፎቶ ሲገኝ ከግራ ጀምሮ ጣትን እያሳረፉ፣ “አባባ፣ ይሄኛው ማነው? ከጎኑ ያለውስ?” ማለት ነው። የተገኘው ስም በለስላሳ እርሳስ፣ ሳይጫኑ፣ ጀርባው ላይ ይጻፍ፤ የነገረው ሰውና የተጻፈበት ቀንም ይታከል። ዋናው ፎቶ ከቤተሰቡ ጋር ይቆይ፤ ሰብሳቢው ስካን አድርጎ ይውሰድ። ከአልበም ተገንጥሎ የተሸጠ ፎቶ ከጎኑ የነበሩትን ምስክሮች አብሮ ያጣል።

ሁለት ፎቶ ቀርቦላችሁ ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ ከበቃ፣ ስም ያለውን ግዙ። የሌላውን ቅጂ ለምኑና ሳትውሉ ሳታድሩ ኮሪያ ሰፈር ይዛችሁ ሂዱ፤ የሚያውቀው ሰው ዛሬ ካልተጠየቀ፣ ያም ወታደር “ያልታወቀ” ተብሎ ይቀራል።