ምስጋና ለኤሌክትሪክ ምጣድ

ከቤታችን የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ሁሉ ሙሉ በሙሉ የእኛ የሆነው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ማቡኪያውና ማሰሻው ባሉበት ቀሩ፤ የተለወጠው እሳቱ ብቻ ነው። ከሸክላው ሥር በተቦረቦረ መስመር እየተጠማዘዘ የሚዞረው የሬዚስታንስ ሽቦ ግለቱን ከመሃል እስከ ዳር እኩል ያዳርሳል። ስለዚህ እንጀራው አንድ ወገኑ አርሮ ሌላው ጥሬ አይሆንም፤ ዓይኑም ደርዝ ይዞ ይወጣል።

ትልቁ ውለታው ግን ለጋጋሪዋ ነው። በጭስ የሚያለቅስ ዓይን፣ ጭራሮና ኩበት ፍለጋ፣ እፍ ሲሉ ፊት ላይ የሚበተን አመድ ቀርቷል።

ሐሜትም አያጣም። ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ገደማ ስለሚስብ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ተከራዮች በተራ ይጋግራሉ፤ ሊጡ ኩፍ ብሎ መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ቤቱ ሁሉ ይጨነቃል።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ሸክላው ሲርቃቸው ለኖርዌይ ቂጣ፣ ለሌፍሰ፣ በተሠራው ክብ የኤሌክትሪክ መጥበሻ ይጋግራሉ። ይሠራል፤ እንጀራው ግን አነስ ይላል። የሸክላውን ያህልም ግለት አይዝም።

ሸክላ ቶሎ አይቀዘቅዝምና፣ የምትጋግሩ ሁሉ ለመጨረሻው እንጀራ ሶኬቱን ቀደም ብላችሁ ንቀሉት። በቀረው ግለት ይበስላል፤ ቆጣሪውም ያርፋል።