የለንደን የጀልባ ቤቶች

በለንደን ቦዮች ላይ በጀልባ የሚኖሩ ሰዎችን ከልቤ አደንቃለሁ። “ጠባብ ጀልባ” የምትባለው ዓይነት ወርዷ 2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቋሚ ማቆሚያ የሌለው ነዋሪ እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው ሕግ መሠረት፣ በቂ ምክንያት ከሌለው በአንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ መቆም አይችልም፤ ቤቱን ይዞ ይጓዛል። ብዙውን ጊዜ የመጸዳጃ ቤቱን ቆሻሻ ራሱ ተሸክሞ ወስዶ ይደፋል። ውኃ ውስጥ ያለው የጀልባዋ ብረትም በየሁለት ሦስት ዓመቱ ወጥቶ፣ ተፍቆ፣ ጥቁር ቀለም ካልተቀባ ዝገት ይበላዋል።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ የውኃ አያያዛቸው ነው። ታንከሩን ከቦዩ ዳር ቧንቧ በጎማ ይሞላሉ፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሳህን የሚታጠበው በልክ ነው። ስንት እንደቀረ ሁልጊዜ ያውቃሉ። እኛ ባለ ቧንቧዎቹ ይህን መቼ አስበነው እናውቃለን? ለንደን የሄደ ሰው በሪጀንት ቦይ ዳር በእግሩ ይሂድ፤ በየጀልባው ጣሪያ ላይ የተከመረውን ማገዶና ከሰልም ልብ ብሎ ይመልከት።